ፀሐይ ላይ የተሰጣ የሬዲዮ ድንጋይ

ባለፈው ሰሞን ልጄ የሪሞቱን ባትሪ ቀይሮ ያለቁትን ቆሻሻ ውስጥ ሲጥላቸው፣ እጄ ሳላዘው ገብቶ አወጣቸውና መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ጋ ደረደራቸው። «እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? እኔ ልጅ ሳለሁ ባትሪ ሳይሆን ድንጋይ ነበር የምንለው፤ ድንጋይ ደግሞ አለቀ ተብሎ አይጣልም። ፀሐይ ይሞቃል፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ለአንድ ምሽት ይበቃል። የዘመኔ ሰዎች ታውቁታላችሁ።

ቤታችን ወሎ ሰፈር፣ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጫማ የሚውጥ ቅያስ ውስጥ ነበር። አባቴ የሚሠራው በአንድ የክርስቲያን ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ወደ ማምሻው የምትተላለፍ አጭር የቤተሰብ ዝግጅት ነበረችው፤ የቤታችንን ወሬ እያነሳ ስለ እምነት የሚናገርባት። ስለ ዶሯችን፣ ስለ አጥር ጠብ፣ ስለ እኔ አስቸጋሪነት ሳይቀር አገር ሰምቷል። ሲጨርስ ሁልጊዜ «በሉ፣ ደኅና ቆዩኝ» ይላል። ጠዋት ሥራ ሲሄድ በር ላይ ቆሞ የሚለንም ይህንኑ ነበር። እናቴም ለሁለቱም መልሷ አንድ ነው፤ በሩ ላይ ላለውም ሬዲዮው ውስጥ ላለውም «እሺ» ትላለች። እኔ አባቴ ከሬዲዮው ውስጥ ሆኖ እንደሚሰማት አልጠራጠርም ነበር።

ከዚያ ደርግ ጣቢያውን ወረሰው። «መጤ ሃይማኖት» ተባልን፣ ጸሎት ቤታችን ታሸገ። ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው አባቴን ወሰዱት። በር ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ወደ እኛ ዞር አለ። አፉን ሲከፍት አንደኛው በሰደፍ ገፋው፤ «ደኅና ቆዩኝ» ሳይለን ሄደ።

እናቴ ወደታሰረበት ስንቅ ማመላለስ ጀመረች። አንድ ቀን ሳህኑን እንደሞላ ይዛው ተመለሰች። «እዚህ የለም» ብለዋታል። የዚያን ጊዜ ሰው የዚህ ቃል ትርጉም አይጠፋውም፤ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። እናቴ ግን ደጃፉ ላይ ቆማ መለሰቻቸው። «የለም አሉኝ እንጂ ሞተ አላሉኝም። ቁርጡን ሳላውቅ እርሜን አላወጣም» አለች።

ወራት አለፉ። የአጥር ተጋሪያችን እትዬ ወርቅነሽ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በጴንጤነታችን ሲነጫነጩብን ነው የኖሩት። አንድ ማምሻ፣ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ ሳያንኳኩ ገቡ። «አንቺ! ሬዲዮሽን ክፈቺ፤ ባልሽ ያወራል!» በአጭር ሞገድ የሱዳን ዘፈን ሲፈልጉ ነው አሉ ያገኙት። ከውጭ አገር ወደ እኛ የሚያሰራጭ የክርስቲያን ጣቢያ ነበር። ድምፁ ይርቃል፣ ይቀርባል፣ ፉጨት ይውጠዋል፤ ግን አባቴ ነው። «በሉ፣ ደኅና ቆዩኝ» ሲል እናቴ «እሺ» አለች። በሞያሌ በኩል አምልጦ ወጥቷል ተባለ። መጀመሪያ ማን እንዳለው አላውቅም፤ ሁላችንም አልነው።

ድንጋይ በዚያን ጊዜ ከገበያ የሚጠፋ ነገር ነው። እትዬ ወርቅነሽ ከራሳቸው ሬዲዮ አውጥተው አመጡ። «ሃይማኖታችሁን አልወደውም፤ ሰውየውን ግን እወደዋለሁ። እንኪ» አሏት። ጸሎት ቤት የተዘጋበት ምእመን ሁሉ ወሬውን ሰማ። ሊጠይቁን የሚመጡት ዳቦ በጠቀለሉበት ጨርቅ ውስጥ ድንጋይ ደብቀው ይመጣሉ። ሬዲዮው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገን፣ ራሳችንን ከሥሩ አስገብተን እንሰማለን፤ የሞቀ ድንጋይና የላምባ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በኋላ ቤታችን ሲጠብና የቀበሌ ዓይን ሲበዛ ሰዉ በየቤቱ ተከፋፈለ። ከወሎ ሰፈር ወደ ኦሎምፒያ፣ ከዚያም ገርጂ ድረስ ደረሰ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየደፉ፣ በየመስኮቱ ድንጋይ ተሰጥቶ አያለሁ። የኳስ ጨዋታ ሊሰማበት የሚያሰጣም አይጠፋም፤ እኔ ግን ሁሉንም ለአባቴ እቆጥረው ነበር። ደረቴን ነፍቼ ነው ሰፈሩን የማቋርጠው።

አንድ ማምሻ እንደተለመደው ተሰብስበናል። «ትናንት ልጄ የፊት ጥርሷ ወለቀ» አለ አባቴ። «ጣሪያ ላይ ወርውራ አዲስ እንዲሰጣት ለመነች። ከዚያ ይበቅል ይሆን ብላ አልተጨነቀችም፤ ሰኞ ማክሰኞ ልትጫወት ሮጠች። እኛስ የለመንነውን እንዲህ እናምናለን?»

ስለ እኔ በመናገሩ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ምላሴ ወደ ፊት ጥርሴ ሄደ። አዲሱ ጥርስ እዚያው ነው፤ ካደገ ቆይቷል። እትዬ ወርቅነሽ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ማንንም ሳታይ ወደ እኔ ዞረች።

«መቼ ነበር እሱ?»

«ድሮ ነው እማዬ» አልኳት። «አባዬ ቤት እያለ። ጣሪያው አልደርስ ብሎኝ ያቀፈኝ እሱ ነው።»

ሬዲዮው «በሉ፣ ደኅና ቆዩኝ» አለ። እናቴ ዝም አለች። ፉጨቱ መጣ፣ ሌላ ሰው መዝሙር ጀመረ። በመጨረሻ፣ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «እሺ» አለች። የሬዲዮውን ጀርባ ከፍታ ድንጋዮቹን አወጣችና እትዬ ወርቅነሽ መዳፍ ላይ አኖረቻቸው። «ለሌላ ቤት ይሁኑ» አለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ መሬት ተቀመጠች። እንደ አባቴ ላለ ሰው ጮኾ ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ሬዲዮውን የምንሸፍንበትን ብርድ ልብስ አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። እርሟን ያወጣችው እንዲያ ነው። ለካ ጣቢያው ከመወረሱ በፊት ሰዎች ዝግጅቶቹ የተቀዱባቸውን የቴፕ ክሮች ወደ ውጭ አሻግረዋቸው ኖሯል።

በሌላው ቤት አባቴ መናገሩን ቀጠለ። እትዬ ወርቅነሽ ማምሻ ላይ ሬዲዮአቸውን አጥሩ ጋ ያስጠጉልን ነበር። እናቴ ልብስ የምታጥብ መስላ አጥሩ ሥር ትቀመጣለች፤ እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

ዛሬ ያ ከውጭ ይሰማ የነበረው ጣቢያ አድጓል። በአድማጮቹ መዋጮ የቆመ፣ ቀን ከሌት የሚያሰራጭ፣ በየከተማው የሚሰማ ሆኗል፤ እኔም ከሚደግፉት አንዷ ነኝ። ወደ የካ አባዶ ስሳፈር የሚኒባሱ ሾፌር ድምፁን ለቅቆት አገኛለሁ። ብርድ ልብስ የሚያለብሰው የለም። ደስ ይለኛል። የአባቴን ክሮች ጠይቄ ነበር። ክር ብርቅ በነበረበት ጊዜ ሌላ ዝግጅት ተቀድቶባቸዋል አሉኝ፤ በትሕትና ነው የነገሩኝ። እናቴም ካረፈች ቆየች። ያንን ድምፅ ያውቀው ነበር ብዬ የምጠይቀው ሰው አልቀረኝም።

ጠዋት ሥራ ስሄድ በር ላይ ቆሜ ልጄን «በል፣ ደኅና ቆየኝ» እለዋለሁ። እሱ ስልኩን እየነካካ ነው፤ አንዳንዴ አይሰማኝም። ደግሜ እለዋለሁ። ቀና ብሎ «እሺ» እስኪለኝ ድረስ ከደፉ አልነቃነቅም።