እሜቴ ኩሬ የወረደች ዕለት

ሠላሳ ዓመት ሲሚንቶ ያመላለሰ ሹፌር ነው። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ «ቀስ በል» ስለሚል፣ ስሙ «ጋሽ ቀስ በል» ሆኖ ቀረ። እንስሳ የሚባል ነገር ግን አይሆንለትም፤ የጎረቤት ድመት ሲያይ እንኳ መንገድ ይቀይራል።

አንድ ቀን ከተዘጋ ሰርከስ አንዲት ዝሆን ወደ እንስሳት መጠለያ እንዲያደርስ ታዘዘ። ሃያ ሁለት ዓመት እግሯ በሰንሰለት ታስሮ የኖረች ናት። ጥርሱን ነክሶ ነዳ። ፍርሃቱን ለመርሳት ሲያፏጭ፣ ከኋላ መኪናውን የሚንጠው ኳኳታ ጸጥ አለ። ማፏጨቱን ሲያቆም ኳኳታው ተመለሰ። ምን ያድርግ? ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲያፏጭ ከንፈሩ ደርቆ ደረሰ።

በሩ ቢከፈት አልወርድም አለች። የመጠለያው ሐኪም ሐብሐብ ብትደረድር፣ ጠባቂዎቹ ቢለማመጧት፣ ወይ ፍንክች! ሹፌሩ እያፏጨ የኋሊት ሲራመድ ግን ተከትላው ወረደች። ኩራቷን አይቶ «እሜቴ» አላት።

ያን የመሰለ ሜዳ ተሰጥቷት፣ እሜቴ ሦስት እርምጃ ሄዳ ትመለሳለች፤ የሰንሰለቷን ልክ። ነገሩ አንጀቱን በላው። በየእሑዱ እየሄደ ያፏጭላት ጀመር። ለሚስቱ ግን፣ እንዳትስቅበት፣ ጉዳይ አለኝ ነው የሚላት። እሷም በሁለተኛው ወር፣ ይህቺን ጉዳይ የምትባለዋን ልያት ብላ ተከተለችው።

አጥሩ ጋ ስትደርስ፣ ባሏ ዝናብ ባራሰው ሜዳ ላይ እያፏጨ የኋሊት ይሄዳል። ድንገት አዳለጠውና ከኋላው ባለው ጭቃማ ኩሬ ውስጥ ተዘረረ። እሜቴ ሦስት እርምጃ ተራምዳ ቆመች። ከዚያ አራተኛውን ረገጠች። አምስተኛውን። ከዚያማ ማን ይቁጠር! ጆሮዋን እያራገበች ሮጣ ኩሬው ውስጥ ዘፍ አለች። ጭቃውን በኩምቢዋ እየዛቀች ወደ ሰማይ ትረጫለች፣ ትንከባለላለች፣ እንደ ጥሩምባ ትጮኻለች። ሐኪሟ ጋወኗን እንደለበሰች ዘላ ገባች፤ ጠባቂዎቹም ተከተሉ፤ ማን ማንን እንደሚረጭ ጠፋ። አንድ ኩምቢ ሙሉ ጭቃ አጥሩን ተሻግሮ የሚስትዮዋ አዲስ ቀሚስ ላይ አረፈ።

ባልየው ሊያስረዳ እየሮጠ ሲመጣ፣ እሷ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሳቅ ሊገድላት ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ከእኔ ጋር እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?» አለችው እንባዋን እየጠረገች።

«አንቺስ ከእኔ ጋር ጭቃ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

ጫማዋን አወለቀች።

በወሩ የመኪናውን ቁልፍ ለታናሽ ወንድሙ አስረክቦ ጠባቂ ሆነ። አሁን ባልና ሚስት መጠለያው ግቢ ውስጥ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት ከብርሃኑ በፊት የሚገባው ኩምቢ ነው። ሚስትዮዋም «እሜቴ፣ ኧረ ሰው ልብሱን ይልበስ» እያለች በትራስ ትገፋታለች።