አበባዋ እስክታብብ

ሽማግሌዎቹ የመጡት ግንቦት ላይ፣ አሥራ አንደኛ ክፍልን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ነጭ ለብሰው ሦስቱም እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ሆነዋል። የላካቸው ከጅማ ወጣ ባለችው ሸቤ ያለ ቡና ነጋዴ ነው፤ ለልጁ እኔን እንዲጠይቁለት። ደንቡ የልጁ አባት ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬውን እንዲጠብቅ ነበር። ነጋዴው ግን መጠበቅ የሚባል ነገር ስለማይሆንለት ከኋላ ከኋላቸው መጥቶ ከነሱ ቀድሞ ወንበር ያዘ።

ልጁን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። የአባቱ የጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ክፋት የለበትም፤ ብርቱካኑንም ጥሩ አድርጎ ነው የሚልጠው። እኔ ግን የምፈልገው አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪክ ተፈትኜ፣ ከጅማ መውጣት ነው። ሸቤ የተዳረች ልጅ ተመልሳ ደብተር ስትይዝ አይቼ አላውቅም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቦሳ ኪቶ በሚባለው የጅማ ሰፈር፣ ከቤታችን ጋር በተያያዘችው ክፍል ይሰፋል፤ ከነጋዴው ጋር ወዳጅ ናቸው፤ የሰውየውን ሆድ ልክ ከራሱ ሆድ ይበልጥ ያውቀዋል። እናቴማ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳይጨርሱ በልቧ ጌሾ እየወቀጠች ነበር። በዚህ መሀል አባቴ ዘመናዊ መሆኑን ለማሳየት፣ ልጅቷ የተማረች ናት፣ ትጠየቅ አለ። አንገቴን ደፍቼ ዝም እንድል ነበር ያሰበው። ዝም ካልኩ ደግሞ እሺ ብላለች ሊባል ነው።

ኪሴ ውስጥ የአበባ ዘር ነበር፣ በሦስት የወረቀት ከረጢት። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን የነበረችው ፈረንጅ አገሯ ልትገባ ዕቃዋን ስታከፋፍል የደረሰኝ ነው፤ ለሌሎቹ ልጆች ጫማና ሹራብ ደረሳቸው። እጄን ስከት ዘሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁና አፌ ቀደመኝ።

«አበባ ልተክል ነው» አልኩ። «የተከልኩት አበባ ሲያብብ ያን ጊዜ ውሰዱኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተሳሳቁ። አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ነጋዴው ግን ነገሩን እንደ ገበያ ድርድር ቆጥሮ ቶሎ ሊዘጋው ቸኮለ። «ቡና ሦስት አራት ዓመት የምጠብቅ ሰውዬ አበባ ያቅተኛል? መስከረም ላይ ታብባለች፣ ጥር ላይ እንደግሳለን» አለ። ትልቁ ሽማግሌ መረቁና አለቀ። ከዚያ ወዲያ ቃሉ በሽማግሌ ፊት የታሰረ ነው፤ እኔም አባቴም ነጋዴውም እንዳሻን የምንፈታው አይደለም።

ከሰዓት በኋላ አስተማሪዋ ጋ ሮጥኩ። ሻንጣዋን እያሰረች ነበር። ሦስቱን ከረጢት ፊቷ ደርድሬ፣ ከነዚህ የሚዘገየው የቱ ነው ብዬ ጠየቅኋት። አበባ የሚመርጥ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ የሰማች አይመስለኝም። አንደኛው በሁለት ወር ይደርሳል አለች፤ ወደ ጎን ገፋሁት። ሁለተኛው መስከረም ላይ ያብባል አለች፤ ያንንም ገፋሁት። ሦስተኛውን አንስታ፣ ይሄ ኮሎምባይን ይባላል፣ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ነው፣ በሁለተኛው ከተመቸው ያብባል አለችኝ። ከረጢቱ ላይ ያለው ሥዕል አንገቷን ደፍታ የተንጠለጠለች፣ ከኋላዋ ቀጫጭን ጭራ ያወጣች አበባ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አንቺ ደግሞ ትዕግሥት ያለሽ ልጅ አልመሰልሽኝም ነበር አለች።

እውነቷን ነው። የምትዘገይ ብዬ መርጬ ያመጣኋትን አበባ በዘራሁ በማግሥቱ ለምን አልበቀለችም ብዬ አፈሩን ስጭር ዋልኩ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን አዩኝ። አዴ ነው የምንላቸው፣ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት፤ የሰፈሩ ነባር ሙስሊም ናቸው፣ የቡና ችግኝ እያፈሉ ይሸጣሉ።

«ሱታ፣ ኢንተላ፣ ሱታ» አሉኝ፤ ቀስ በይ ልጄ ማለታቸው ነው። «ተኝቶ ነው፤ ምን ይነካካሻል?»

ከዚያ የሚያውቁትን የቡና አሠራር አሠሩኝ። መደብ አስነሱኝ፤ ዝናቡ እንዳይደበድባት ከላይ በኮባ ቅጠል ዳስ አስጣሉኝ። ሐምሌ ውስጥ ቁንጫ የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ ስትል «ማሻአላህ» አሉ። እኔም በደስታ ዘለልኩ። ማደጓ ለማን እንደሚበጅ ትዝ ሲለኝ ነው ቁጭ ያልኩት።

ክረምቱ ሲወጣ ከሁሉ የጠነከረችውን ደጃፋችን ላይ ተከልኳት። መስከረም መጣ፤ ቅጠል። ጥቅምት መጣ፤ ቅጠል። ነጋዴው ወደ ጅማ ቡና ጭኖ በመጣ ቁጥር ሱፍ ልለካ ነው እያለ ጎራ ይላል፤ መጀመሪያ የሚያየው ግን አበባዋን ነው። አንድ ጊዜ ጆንያ ሙሉ የቡና ገለፈት አምጥቶ ሥሯ ላይ ዘረገፈ። እሷም ወፈረች። ሰማያዊ የሚያጠቃው ቅጠሏ ቁርጥ ጤና አዳም መሰለ፤ እናቴ ቸኩላ ከሷ ቀንጥባ ነጋዴው ሲኒ ውስጥ ጣለችለት። ሰውየው አሸተተ። እንደገና አሸተተ።

«የናንተ ጤና አዳም ሽታውን ለማን ሰጠው?» አለ።

የምትጠጣው የልጅህን የሠርግ አበባ ነው ልለው አልኩና፣ እንደ ደንቡ አንቱ ብዬ ነገርኩት። ሲኒውን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ይጎዳኛል ወይ አላለም። አንድ ቅጠል መቀንጠቡ ሠርጉን ምን ያህል እንደሚያዘገይ ነው እናቴን የጠየቃት።

ጥርም አለፈ፤ ሠርግ የለም። እኔ ትምህርቴን ይዣለሁ። መጋቢት ላይ ግን ቅጠሏን ገለጥ ሳደርግ ከመሀል አንዲት ቀጭን አገዳ ወጥታ፣ ጫፏ ላይ ምስር የምታህል እንቡጥ ይዛለች። ማትሪክ ገና ነው። ቅጠሉን መልሼ ሸፈንኩና ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። በጥፍሬ ብቀነጥባት ማንም አያየኝም። ግን ሲያብብ ውሰዱኝ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ሦስት ሽማግሌ ፊት ተናግሬ በስውር ብቀጥፋት ያስጠላኛል። ደግሞም መልኳን ለማየት ጓጉቼ ነበር።

በዚያው ሳምንት ነጋዴው መጣ። ለቀማው አልቋል፤ የቡና ሰዎች ያረጀ ቡናቸውን እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ከሥሩ እየቆረጡ የሚጎነድሉበት ወቅት ነው። ሸቤ መጋዝ ይዞ ሲጎነድል ሰንብቶ እጁ ገና አልበረደም። ቁጢጥ ብሎ አበባዋን ዞራት። እንቡጧ ከቅጠል ሥር ስለሆነች አላያትም።

«ይሄ ጥጋብ ነው» አለ። «ቅጠል፣ ቅጠል፣ ቅጠል! መጎንደል አለባት። ቡናዬም እንዲህ ሲያደርገኝ ጎንድዬው ነው የሚሰጠኝ።»

አዴ ከአጥሩ ማዶ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እኔን አዩና መልሰው ዘጉት። አባቴ ቢላ ፈልጊ አለኝ። ገብቼ የራሱን የጨርቅ መቀስ፣ ወረቀት እንኳ ሲቆረጥበት የሚቆጣበትን፣ አመጣሁና ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ለነጋዴው አቀረብኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጨዋ ሆኜ አላውቅም። እናቴ ለወደፊቱ አማቴ ያሳየሁት አክብሮት መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ በሙያው ሠራት። ዝናብ እንዳይቆምባት ብሎ ክብሪት እንጨት የምታህለውን አገዳ እንደ ቡና ግንድ በሰያፍ ቆረጣት። ከአፈር በላይ የተረፈው ጣት አይሞላም። እንቡጧ ወደቀች፤ እሱም በጫማው ረግጧት ቀጥ ብሎ ቆመና «አሁን ታያላችሁ» አለ።

አየን። ማትሪክ ስፈተን አበባዋ ገና አዲስ ቅጠል እያወጣች ነበር። ክረምት ሲገባ ነጋዴው መጠበቁ አንገፈገፈው። ግን በገዛ እጁ የቆረጣትን ለምን አላበበችም ብሎ ማንን ይውቀስ? ትልቁን ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ቃሉን በሰላም አስፈታ፤ ልጁንም ጥር ላይ ከአጋሮ ዳረው። የሙሽራውን ሱፍ የሰፋው አባቴ ነው። እኔ ማትሪክ አልፌ አዲስ አበባ ገብቼ ነበር።

ለፋሲካ ስመጣ አብባ ደረስኩባት። ሐምራዊና ነጭ ናት፤ አንገቷን ደፍታ፣ ጭራዎቿን ወደ ኋላ ለቃ። እናቴ አጠገቤ ቆመች።

«ይቺን ነው ይህን ሁሉ የጠበቅነው?» አለች። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ ቢሆንም ከአንቺ ትሻላለች፣ አንገት መድፋት ታውቃለች አለች።

ነጋዴው ከሚስቱ ጋር ሱፍ ሊለካ መጣ። አበባዋን ሲያይ ደረቱ ተነፋ፤ ጉንደላ ነው፣ አላልኳችሁም ነበር እያለ ወደ አባቴ ክፍል ገባ፤ እዚያም ሆኖ ስለ ጉንደላ ሲያወራ ይሰማል። ሚስቱ ደጅ ቀረች። የዚህችን ሴትዮ ድምፅ እስከዚያን ቀን ሰምቼ አላውቅም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ከዘሩ የቀረሽ ይኖር ይሆን አለችኝ።

ለግቢዎ ነው ወይ አልኳት። ባሏ ወዳለበት ክፍል ገልመጥ አለች።

«ለትንሿ ልጄ ነው» አለች። «ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሊጠይቋት ያሰቡ ሰዎች አሉ።»

የቀረኝን ሁሉ ከነከረጢቱ ሰጠኋት። በጥላ ሥር ያፍሉት፣ ልጅቷ አፈሩን እንዳትጭር ይከልክሏት፣ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ነው አልኳት። ከረጢቱን መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች።

«በሁለተኛውስ?» አለች።

«በሁለተኛው እንቡጥ ካዩ» አልኳት፣ «ጋሼን ይጥሯቸውና መቀስ ያቀብሏቸው።»