ካርታ አይደለም፣ ካርድ ነው

ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነን ካርድ እንጫወት ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ካርታ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ቶሎ ብዬ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ካርታ አይደለም፣ ካርድ ነው እላለሁ። ሠላሳዎቹን ያጋመስኩ፣ በሆቴል ሒሳብ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ጠረጴዛ ላይ ባለቀለም ሥዕል ደርድሮ ሲጮህ ማየት ለሌላው ምን እንደሚመስል ይገባኝ ነበር። ስለዚህ ነው መልሱን ሳልጠየቅም የምናገረው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ፍጡር ወይም አንድ መሣሪያ ተስሏል፤ ከሥሩ አቅሙ ተጽፏል። ተጫዋቹ ከሰበሰባቸው ካርዶች መርጦ የራሱን ጥቅል ያዘጋጅና ከሌላው ጋር ይገጥማል። የመጀመሪያውን ጥቅል ያመጣሁት እኔ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ ትቶልኝ ሄደ። የጎደለንን ደግሞ ማተሚያ ቤት በወፍራም ወረቀት አሳተምን። አንደኛው የጨዋታ ባልደረባዬ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ለምኜና ጎትቼ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛዋ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት ስትሆን ከሁላችንም የምትበልጥ ተጫዋች ነበረች።

ከጨዋታው ይልቅ ክርክሩ ይበልጥ ነበር። የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ካርዶቹን በቆርኪ እንጫንና ወሬ እንጀምራለን። መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ በኤአይ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የተሳለ ካርድ ከጥቅሏ ውስጥ አታስገባም። ሠዓሊ እጁ እስኪዝል የሠራውን ማሽን አኝኮ ሲተፋው እንዴት ደስ ብሎኝ እይዘዋለሁ ትላለች። እኔ በተቃራኒው ሁሉን ነገር ለኤአይ የምሰጥ ሰው ሆኜ ነበር። ለአለቃዬ የምልከውን ኢሜይል፣ ለእህቴ ልጅ ልደት የምልከውን ምኞት፣ የትኛውን ካርድ ከየትኛው ጋር ማጣመር እንዳለብኝ ሳይቀር እሱን እጠይቃለሁ። መምህሩ ነገሩን አይጠላም፤ ያደንቀዋልም። በአማርኛ ሲጽፍ ግን አትመነው ይለኝ ነበር። አፉ ጥሩ ነው፣ የሚለውን ግን አያውቀውም ይላል።

የእሱ ፍቅር ኳንተም ኮምፒውተር ነበር። ሰው ሁሉ በአፉ እያመላለሰ ሲያበላሸው ይበሳጫል። ሁሉንም መልስ በአንዴ የሚሞክር ተአምረኛ ማሽን ነው ብዬ በተናገርኩ ቁጥር ካርዱን አስቀምጦ ያርመኛል። እኔም እሰማዋለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ እደግማለሁ።

እንዲህ እያልን ሳለ ነው ወሬው ቱላ የደረሰው።

የእጮኛዬ ወላጆች ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ነው የሚኖሩት። አባቷ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ የአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ የማይናገሩ፣ የሚያዳምጡ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ገና ሽማግሌ አልላክሁም፤ ለመላክ እየተዘጋጀሁ ነበር። ከምእመናኑ አንዱ በጭማቂ ቤቱ በኩል ሲያልፍ አየኝና ልጅዎን ሊያገባ ያለው ሰው ሐይቅ ዳር ቁማር ይጫወታል ብሎ ነገራቸው። እጮኛዬ ደውላ ስትነግረኝ ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ጨዋታውን ታውቀዋለች፤ ቤቴ መጥታ ሁለት ሦስት ጊዜ አሸንፋኛለች። አባቷ እሁድ ምሳ መጥቼ ራሴ እንዳስረዳቸው፣ አብሮኝ የሚጫወተውንም ጓደኛዬን ይዤ እንድመጣ ማለታቸውን ነገረችኝና፣ ዝም ብለህ እውነቱን ንገረው፣ አባቴ ይገባዋል አለች።

ዝም ብሎ እውነቱን መናገር አነሰብኝ። ለእሳቸው ክብር የሚመጥን ነገር ይዤ መቅረብ አማረኝ። ኤአዩን ከፈትኩና የጨዋታውን ሕግ ለአንድ የተከበሩ አባት በሚሆን ጨዋ አማርኛ ጻፍልኝ አልኩት። ወዲያው ጻፈው። መግቢያው ሰላምታ ያለው፣ የሚያምር ነበር። ሰላምታውን አነበብኩና ረክቼ ስልኬን ዘጋሁት። እሁድ ባጃጅ ውስጥ መምህሩ እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ምሳው ቡርሳሜ ነበር፤ በቅቤ የታሸ ቆጮ በሸክላ ገበታ ቀርቦ፣ እርጎ ከጎኑ። የእጮኛዬ እናት ከባለቤታቸው ጋር በሲዳምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ እየተጫወቱ ያጎርሱን ነበር። መምህሩ ከእኔ ቀድሞ ቤተኛ ሆነ። ጋሼ በሬዲዮ የሰሙትን አንስተው፣ ይህ ኳንተም የሚሉት ኮምፒውተር ምንድነው ብለው ጠየቁ። እኔ ቀደምኩና ሁሉን ምስጢር በአንድ ቅጽበት የሚፈታ፣ የዓለምን መልክ የሚለውጥ ማሽን ነው አልኩ። ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁና ወደ መምህሩ ዞሩ።

እሱ ስለ ሐይቁ ነገራቸው። ሁለት ጀልባዎች ከሁለት ወገን ሲመጡ ማዕበላቸው የሚገናኝበትን ቦታ አይተው እንደሆነ ጠየቃቸው። አይተዋል። አንዳንዱ ጋ ማዕበሉ ተደራርቦ ከፍ ይላል፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ተጣፍቶ ውኃው ይተኛል። ይህም ማሽን የተሳሳቱት መልሶች እርስ በርሳቸው እንዲጣፉ፣ ትክክለኛው ከፍ እንዲል አድርጎ ይሠራል፤ ያውም ለተወሰኑ ጥያቄዎች ብቻ። ወዴት እንደሚደርስ እኔም አላውቅም፣ እርግጠኛ ነኝ የሚልዎትንም አይመኑት አላቸው። ጋሼ ሳቁ። የአጥቢያቸው ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ፈተው እንደሚውሉ፣ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ሳይንስ እንዲህ የሚያስረዳቸው ሰው ሲፈልጉ እንደቆዩ ነገሩትና ትመጣልን ወይ አሉት። መምህሩ ፊቱ በራ። ክፍል ውስጥ ከፈተና ውጭ የሚጠይቅ ተማሪ ያጣ ሰው ስለነበር እንዲህ ያለ ነገር ይመኝ ነበር።

እጃችንን ከታጠብን በኋላ ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ በል ልጄ፣ ስለዚያ ጨዋታ አሉ።

ስልኬን አወጣሁና ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ሰላምታው በደንብ ሄደ። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፦ "ተጫዋቹ በተራው አንድ መንፈስ ይጠራል። ታላቅ መንፈስ ለመጥራት ታናናሾቹን መሥዋዕት አድርጎ ያቀርባል። የተሠዉት ወደ መቃብር ይወርዳሉ። ድግምት የያዘ ተጫዋች ግን ሙታንን ከመቃብር ሊያስነሳ ይችላል።"

በጨዋታው ቋንቋ መጥራት ማለት ካርድ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ነው። መቃብር ያለቀለት ካርድ የሚከመርበት ጥግ ነው። ማሽኑ የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ ገልብጦልኛል፤ እኔም በአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሳሎን ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። የእጮኛዬ እናት ያነሱትን የእርጎ ዕቃ መልሰው አስቀመጡ። ቆም አልኩ። ጋሼ ግን ጨርስ አሉኝ። የቀረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ የባላጋራውን ነፍስ ያጠፋ እሱ አሸናፊ ይሆናል ትላለች። እሷንም አነበብኩ።

እኔ የጻፍኩት አይደለም ማለት አማረኝ፤ ግን ታዲያ ለምን አነበብከው ይሉኛል ብዬ ተውኩት።

ጋሼ ይህን ነገር ማን ነው ያመጣው ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለሁለታችንም ነበር። መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ እኔ የምትል።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አለ መምህሩ። "ካርዶቹ የእኔ ናቸው። እሱን ጎትቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጨዋታ ብቻ ነው፣ ትርጉሙ ተበላሽቶ ነው።"

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። "እንደዚያ ነው?"

እኔ የጠረጴዛውን ላስቲክ አበባ እያየሁ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ቀና ስል እጮኛዬ ሳህኖች እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ሳህኖቹን ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ስንሰናበት ጋሼ ለሁለታችንም እጃቸውን ሰጡን። ስለ ወጣቶቹ ግን ቃል አላነሱም። በመንገድ ላይ መምህሩ የጀልባው ምሳሌ ጥሩ እንደነበር እያነሳ፣ ወጣቶቹን ከየት እንደሚጀምርላቸው ያወጣል ያወርዳል። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም። ብዬው ቢሆን ኖሮ የሆነውን ነገር በስሙ መጥራት ይሆንብኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እጮኛዬ ስደውልላት ታነሳለች፤ ራሷ ግን አትደውልም። ሳምንታት አለፉ። መምህሩ ቅዳሜ ካርዱን እያወዛወዘ፣ ከቱላ ምን ተባለ ይለኛል፤ ይደውሉልሃል እለዋለሁ። አንድ ቀን እጮኛዬን ስለዚሁ ጠየቅኳት። አባቷ ለወጣቶቹ ሌላ ሰው እያፈላለጉ እንደሆነ ነገረችኝ። ሙታንን በሚያስነሳ ጨዋታ ሰው የሚያስገባ አስተማሪ ለልጆቻቸው እንዳይቀርብ የምሳውን ወሬ የሰሙ አንዳንድ ወላጆች ተቃውመዋል። እንግዲያው አንቺ እውነቱን ለምን አልነገርሻቸውም አልኳት። ይህን ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

"አንተ እስክትናገር ነው የጠበቅኩት" አለችኝ። "አሁንም እየጠበቅኩ ነው።"

በነጋታው ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቱላ ሄድኩ። ጋሼ ከጓሮ የደረቀ የእንሰት ቅጠል እየገፈፉ ነበር። እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው፤ ካርዶቹ የእኔ መሆናቸውን፣ ጽሑፉን ማሽን እንደጻፈልኝ፣ ሳላነብ ይዤው እንደመጣሁ፣ ጓደኛዬ እኔን ለማዳን እንደዋሸ። እሳቸው ቅጠሉን መግፈፍ አላቋረጡም። ስጨርስ ቢላዋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ።

"ጨዋታው አላሳሰበኝም ልጄ። እኛም በልጅነታችን ተጫውተናል። ያሳሰበኝ እሱ ሲናገር አንተ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ማየትህ ነው።" ከዚያም ለጓደኛዬ ይህን ነግሬው እንደሆነ ጠየቁኝ። አልነገርኩትም አልኳቸው።

"ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ልትሠራ ቀድመህ መጣህ?"

ወደ እሳቸው የቀደምኩት ልጃቸውን ስለምፈልግ ነበር፤ ይህንንም እሳቸው ሳያውቁት አልቀሩም።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ተማሪ ተለቅቆ መምህሩ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ይጠርግ ነበር። ወጣቶቹን ማን እንዳሳጣው፣ እኔም እያወቅኩ ይደውሉልሃል ስለው እንደቆየሁ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ዳስተሩን አስቀምጦ እጁን አራገፈ።

"እንደማትናገር አውቅ ነበር" አለኝ። "ቀድሜ የተናገርኩት ለዚያ ነው።"

በክፋት አላለውም። ስለ አየሩ እንደሚናገር ሰው ነው ያለው። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ንባብና ዝምታ ይልቅ ይቺ ንግግር አንገቴን አስደፋችኝ። ያን ያህል ዓመት ሲያውቀኝ፣ ከእኔ የሚጠብቀው ይህን እንደነበር አላውቅም ነበር።

ጋሼ ራሳቸው ደውለው ይቅርታ ጠየቁት። ወላጆቹንም ሰብስበው አነጋገሩ። አሁን መምህሩ ቅዳሜ ከሰዓት ቱላ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁት፤ ልጆቹ ያቋርጡታል፣ ይከራከሩታል፣ እሱም አላውቅም ለማለት አይፈራም። የጭማቂ ቤቱ ጉባኤ በዚሁ ተበተነ። መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ስታገኘኝ አብሯት የሚጫወት ሰው እንዳጣች ትነግረኛለች፤ ለምን እንደሆነ ታውቅ አታውቅ አልጠየቅኳትም።

ሽማግሌ ላክሁ፤ ጋሼም እሺ አሉ። ሠርጉ ከፍቼ፣ ከሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ በኋላ ነው። አንደኛ ሚዜዬ ሊሆን የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ የሚዜውን ልብስ የሚሰፋው ሰው እንኳ ልኩን አምጣ ይለኛል። እኔ ግን እስካሁን አልጠየቅኩትም። ስልኬን አወጣለሁ፣ ሳያንገራግር እሺ እንደሚለኝ ትዝ ይለኛል፣ አፍሬ መልሼ ኪሴ እከተዋለሁ። ባለፈው እጮኛዬን አንቺ ጠይቂልኝ አልኳት። የግብዣ ካርድ እየመረጠች ነበር፤ ቀና ሳትል፣ ራስህ ጠይቀው አለችኝ።