ሁለተኛው ድስት

ባለፈው ሳምንት ከታችኛው መንጋጋዬ አንድ አሮጌ ሙሌት ወለቀና ልጄ ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰደችኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። መሣሪያዎቹ የታሸጉበትን ወረቀት ዓይኔ እያየ ቀደደና «እማማ፣ ይዩት፤ ለእርስዎ ነው አሁን የከፈትኩት» አለኝ። ለሁሉም በሽተኛ የሚለው እንደሆነ ድምፁ ያስታውቃል። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ጣራ ጣራ እያየሁ፣ መሰርሰሪያው ሲያፏጭ፣ ሐሳቤ ቆቦ ሄደ። ከወንበሩ ስነሣ ልጄ «አመመሽ እንዴ? ፊትሽ ልክ አይደለም» አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ነገሩ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። በነርስነት ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። በትምህርቴ ማብቂያ ላይ ከአንድ የውጭ አገር ሐኪም ሥር ሆኜ ጥርስ መሙላት ተምሬ ስለነበር፣ አለቆቼ ከየክሊኒኩ የተመረጡ ስድስት ድሬሰሮችን ቆቦ ላይ ሰብስበው «ሦስት ወር አስተምሪያቸው» ብለው ላኩኝ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው፣ ሲቸግርም ጥርስ የሚነቅለው ነው። በዚያ አገር የዚያን ጊዜ የታመመ ጥርስ መድኃኒቱ ጉጠት ብቻ ነበር። የኔ ሥራ ከጉጠቱ በፊት ሌላ መንገድ እንዳለ ማሳየት ነበር።

ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ከጉሮሮዬ አይወጣም ነበር። የምናገረውን ሁሉ አስቀድሜ በደብተር እጽፋለሁ፤ «እንደምን አደራችሁ» የሚለውን ሳይቀር። ተማሪዎቼ ደግሞ ሁሉም የሚበልጡኝ ወንዶች ናቸው። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ባሻ ወርቁ የጦር ሠራዊት ድሬሰር የነበሩ፣ ነገር ሁሉ የሚያስቃቸው ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ከኋላ ወንበር ሆነው «ሲስተር፣ ከጥርሱ ጋር ነው የሚነጋገሩት ወይስ ከእኛ? ከእኛ ከሆነ ጮክ ይበሉልን» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ደብተሬን ገለጥኩ፤ ለዚህ የሚሆን መልስ አልጻፍኩም ነበር።

ጥቅምት ነበር። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ፣ ሜዳው እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ድረስ አረንጓዴና ቀይ ተቀላቅሎበታል። ልጅ አዋቂው ጥንቅሽ በጥርሱ እየላጠ ይመጣል፤ መንገዱ ሁሉ በተመጠጠ አገዳ ነጭ ሆኗል። ጣፋጩን አገዳ እኔም እወደው ነበር፤ ግን ባየሁት ቁጥር ስንት ጥርስ እንደሚያበላሽ አስብ ነበር። ሙያ እንዲህ ነው፤ ጣዕም ያሳጣል። ከቀትር በኋላ የክሊኒኩ ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላል። በአውራ ጎዳናው የሚያልፈው የጭነት መኪና ሁሉ አቧራውን በመስኮት ያስገባል። መሰርሰሪያችን እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር እየተረገጠ የሚዞር ስለነበር፣ ሲመሽ እግሬ የኔ አይመስለኝም። ስለዚያ ዘመን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ድካም ነው፤ ፊቶቹ የሚመጡት ኋላ ነው።

ከተማሪዎቹ በችሎታ የሚበልጠው ከድር ይባላል። የሮቢት ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ ረጃጅም። አንድ ቀን ጥርሱ ውስጥ የሚቆፈረው ቀዳዳ ከአፉ ይልቅ ከሥሩ ሰፋ ማለት እንዳለበት፣ አለዚያ ሙሌቱ እንደማይቆይ በጠመኔ እየሳልኩ አስረዳለሁ። ማንም አልገባውም። ከድር ብድግ አለና «እንደ እህል ጉድጓድ ነዋ! አፉ ሰው የሚያሾልክ፣ ሆዱ የዓመት ማሽላ የሚይዝ» አለ። ስድስቱም በአንድ አፍ «አሃ!» አሉ። የራያ ገበሬ እህሉን በምድር ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ከመጣሁ ጀምሮ አይቼ ነበር፤ ከጥርስ ጋር ያገናኘሁት ግን እኔ አይደለሁም።

ኮሌጅ ሳለን የተለማመድነው በጀሶ በተተከለ የሰው ጥርስ ላይ ነበር። ቆቦ ላይ ግን የተነቀለ ጥርሱን ትቶ የሚሄድ ሰው አላገኘሁም። ሁሉም በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይዞት ይሄዳል፤ «ማን ያውቃል፣ ምን ይደረግበታል» ይላሉ። ስለዚህ የበሬ መንጋጋ ለማስገዛት ወሰንኩ። እዚህ ላይ ጥንቃቄዬን ልናገር። ከስድስቱ ሦስቱ ሙስሊሞች፣ ሦስቱ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ ማንም ያውቃል። ስለዚህ ለሦስቱ ከሙስሊም ሥጋ ቤት፣ ለሦስቱ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት አስመጣሁ። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ሣህን፣ ሁለት ፎጣ አደረግሁ። በዚህ ኮርቼ፣ ለአለቆቼ በምጽፈው ሪፖርት ላይም አስገባሁት።

መሣሪያው ግን የጋራ ነበር። ሥራ ሲያበቃ ከሁለቱም ጠረጴዛ ተሰብስቦ ይታጠብና በላምባ ምድጃ ላይ በአንድ ድስት ይቀቀላል። በማግስቱ በሽተኛ ሲመጣ ያው መሣሪያ አፉ ይገባል። እኔ ሃያ ደቂቃ መፍላቱን በሰዓት እቆጣጠር ነበር። ስለ ድስቱ አላሰብኩም።

ዘሃራን አባቷ አያ ይማም ይዘዋት የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። አያ ይማም ከከተማው ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ የከድር እናት ዘመድም ናቸው። ዘሃራ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ሰርጓ ነበር። ድዷን ለሰርጉ ተነቅሳለች፤ ጥቁሩ ንቅሳት ላይ ጥርሷ በረዶ ይመስላል። አንዱ የፊት ጥርሷ ብቻ ከጎኑ ተቦርቡሮ ጠቁሯል። ቀዝቃዛ ውኃ ስትጠጣ ያማታል። ስትስቅ በሻሿ ትሸፍነዋለች፤ ደግሞ መሣቅ ትወዳለች።

«ይተርፋል?» አሉ አያ ይማም።

«ይተርፋል» አልኩ። ለፊት ጥርስ መሙያ የሚሆን ነጭ ሲሚንት አንድ ጠርሙስ ነበረኝ። «ሰኞ ይምጡ፤ ከድር ይሠራላታል፣ እኔ አጠገቡ እሆናለሁ። ብዙ አይዘግዩ እንጂ፤ ወደ ሥሩ ከገባ እኔም አልችለውም።»

ዘሃራ ወደ ከድር ዞራ «አንተ ነህ የምትቆፍረኝ? እጅህ ከተንቀጠቀጠ ጣትህን እነክስልሃለሁ» አለችው። ከድር እንደ ልጃገረድ አቀረቀረ። የመጀመሪያው የሰው ጥርስ መሆኑን አልነገርናትም።

በመካከሉ ገበያ ዋለ። ባሻ ወርቁ ገበያ መሐል ቆመው ስለ ትምህርታችን ሲጠየቁ፣ እንደ ልማዳቸው ሊያስቁ ብለው «የእስላሙም የክርስቲያኑም በሬ በሲስተር ድስት ውስጥ አብረው ይዋኛሉ፤ እንደነሱ የተፋቀረ የለም» አሉ። ክፋት አልነበረበትም። ሰዉ ሣቀ፤ ከሣቀ በኋላ ግን አሰበ። የዚያ ድስት ዕቃ ነው አፋችን የሚገባው?

ሰኞ ዘሃራ አልመጣችም። ሌላም ሰው አልመጣም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። መሰርሰሪያው አጠገብ ተቀምጠን ዋልን። ከቀትር በኋላ ባሻ ወርቁ ተነሥተው «ሲስተር፣ ይቺን ምላሴን ይንቀሉልኝ» አሉኝ።

ምን ማድረግ እንደነበረብኝ ዛሬ ግልጽ ነው፤ የዚያን ቀንም ግልጽ ነበር። የአያ ይማም ቤት በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እኔ ግን የማላውቀው ሰው ደጅ ቆሜ መናገር ከሞት እኩል ይመስለኝ ነበርና፣ ማክሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ጻፍኩ። ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ተሐዋስያን ምን እንደሆኑ፣ የፈላ ውኃ እንዴት እንደሚገድላቸው፣ መሣሪያዎቹ ፍጹም ንጹሕ እንደሆኑ በሁለት ገጽ አብራራሁ። አያ ይማም ማንበብ ስለማይችሉ ጎረቤት አነበበላቸው። ከድር መልሱን ይዞ መጣ።

«ምን አሉ?»

መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። «‹ትሉ ሞቷል ትለኛለች፤ እኔ የትል ነገር መች ጠየቅኋት?› አሉ።» ከዚያም ቀና ብሎ «ሲስተር፣ በአላህ፣ ደብዳቤ አይሆንም። ራስዎ ይሂዱ። ሌላ ድስት ይያዙ፣ ያንን ያልተነካውን ዕቃ ይያዙ። ልጅቱን አሟታል፤ ዛሬውኑ ይሂዱ» አለኝ።

ያልተነካው ዕቃ ከኮሌጅ ስወጣ የተሰጠኝ፣ ለማጠቃለያ ፈተናው ቀን ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት ሙሉ መሣሪያ ነው። ሳጥኔ ውስጥ ነበር፤ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። «ሐሙስ እሄዳለሁ» አልኩት። የምናገረውን መጻፍ ነበረብኝ። ረቡዕን ሙሉ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ።

ሐሙስ ማለዳ አዲስ ድስት ገዝቼ ከከድር ጋር ሄድን። መንገዱ በማሽላው መሐል ነው፤ ወፍ የሚጠብቁት ሰዎች ከማማቸው ላይ ሆነው ወንጭፍ ያጮኻሉ። የጻፍኩትን በቃሌ እየደገምኩ ነበር የምሄደው። አያ ይማም ከደጅ ተቀበሉን።

«ግቢ ልጄ፣ ፀሐይ ነው። ከድር፣ ያንን በርጩማ አቅርብላት።»

ተቀመጥኩ፤ የደገምኩት ሁሉ ጠፋኝ። «አያ ይማም፣ አጥፍቻለሁ» አልኩ። «ይኸው ሌላ ድስት። ዕቃውም አዲስ ነው፤ ምንም አልነካውም።»

ድስቱን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩት። «ትላንት ብትመጪ» አሉ። «ትላንት ጎብዬ ጥርስ ነቃይ ጋ ወስደን አስነቀልናት። እንቅልፍ አጣች፤ ስታለቅስ ማየት አቃተኝ።»

ከድር ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ለማልቀስ እንኳን አፈርኩ።

አያ ይማም አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ» አሉ፣ «እኛ አገር ድግስ ሲሆን ድስት እንለያለን። ክርስቲያኑ ጎረቤቴ ሲደግስ ለኔ የሚያርድልኝ እስላም ይጠራል፤ እኔም ስደግስ ለሱ ክርስቲያን እጠራለሁ። ተጣልተን እኮ አይደለም፤ አብረን እንድንበላ ነው። ብትጠይቂን ድስቱን እኛው በሰጠንሽ።»

ዘሃራ ወተት ይዛ ገባች። አፏ በሻሽ ተሸፍኗል፤ ጉንጯ አብጧል። ዋንጫውን ስታቀብለኝ አባቷ «ይቺ ዋንጫ ለክርስቲያን እንግዳ ናት፣ ሌላ አይነካትም፤ ጠጪ» አሉኝ። ጠጣሁ። ዘሃራ አልሄደችም፤ አጠገቤ ቆማ ዝግ ብላ ጠየቀችኝ።

«ሲስተር፣ አሁንስ መሙላት አይቻልም?»

«ምኑን?»

«ባዶውን።»

ለመሙላት ጥርሱ መኖር አለበት፣ ባዶ ድድ ላይ የሚቆም ነገር የለኝም ማለት ነበረብኝ። አስተማሪ ነበርኩ፤ ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስረድቼ ነበር። ለሷ ግን ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። «እሺ» አለችና ዋንጫውን ተቀብላኝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ክሊኒኩ ሁለት ድስትና ሁለት ዓይነት ዕቃ ያዘ፤ የአንደኛው ዕቃ እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰርንበት። ድስቶቹን በረንዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አስቀመጥናቸው። ይህን ያሉት ባሻ ወርቁ ናቸው። «ገበያ ያበላሸሁትን ገበያ ያስተካክለው» ብለው በየሳምንቱ እየዞሩ ስለ ሁለቱ ድስት ያወሩ ነበር። ሰው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከድር የመጀመሪያ ሙሌቱን የሠራው ለአንድ ሽማግሌ የመንጋጋ ጥርስ ነው፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ስድስቱም ፈተናውን አለፉ። እኔም ጥሩ ሠራሽ ተባልኩ።

ለዘሃራ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻው ታርዷል ብለው ልከውብኛል። ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ሥራ አልነበረኝም፤ ክሊኒኩ ውስጥ ንጹሕ መሣሪያ እንደገና ሳጥብ ነው የዋልኩት። እልልታው ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። እሷ እየሣቀች ይሁን አፏን ሸፍና ተቀምጣ፣ ከዚያ ሆኜ ማወቅ አልችልም ነበር።

ከቆቦ ከወጣሁ በኋላ ከድር ለብዙ ዓመታት ጻፈልኝ። ደብዳቤው ሁልጊዜ ስለ ጥርስ ነው፤ የማንን እንዳተረፈ፣ ሲሚንት እንዳለቀበት፣ መሰርሰሪያው እንደተሰበረ። ስለ ዘሃራ አንድም ቀን አልጻፈም። እኔም አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፤ ዘመዱ ናት፣ በዓል በመጣ ቁጥር ያያታል። እያንዳንዱን መልስ ስጀምር «ዘሃራ እንዴት ናት?» ብዬ ልጽፍ አስባለሁ፤ ከዚያ ስለ ሲሚንቱ ጽፌ አሽገዋለሁ። ከጊዜ በኋላ ደብዳቤው ቀረ፤ ቆይቶም ማረፉን ሰማሁ።

አሁን ማፈር የሚባለው ነገር ለቆኛል፤ ዕድሜ ሲገፋ አብሮ የሚወድቅ ነገር ነው መሰለኝ። ገበያ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ የማላውቀውን ሰው ሁሉ «ስምሽ ማነው፣ ከየት ነሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?» እያልኩ እጠይቃለሁ። ልጄ ታፍርብኛለች፤ እጄን ይዛ «ተይ እንጂ እማዬ» ትለኛለች። እኔም እተዋለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ከጎኔ ወዳለችው ሴት እዞራለሁ።