የቴሌቪዥኑን ኣቦይ የገመገምን ዕለት

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በእኛ ጊዜ መቐለም ትምህርቱ በአማርኛ ስለነበር ፊደሉ አልጠፋኝም፣ ቋንቋውንም እሰማለሁ። ሓድነት ሰፈር ያለው ግቢያችን አንድ በር ያለው፣ ብዙ ቤተሰብ የተከራየበት ነው፤ ደህና ቴሌቪዥን ያለው እኔ ቤት ነው። ማታ ማታ የሚታየው ድራማ ከባህር ማዶ መጥቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ ስለሆነ፣ የጎረቤት ሴቶች መጀመሪያ የሚመጡት እኔ እንድተረጉምላቸው ነበር። ኋላ ግን ትርጉሙን ረሱት። የሚመጡት ለክርክሩ ሆነ።

በድራማው ውስጥ አንድ ሽማግሌ አለ። ወፍጮ ቤት አለው፣ አገሩ ያከብረዋል፣ ለከንቲባነት ይወዳደራል። ስም አለው፤ እኛ ግን በዕድሜው አባታችን ስለሚሆን ኣቦይ አልነው፣ ከዚያ ወዲያ በስሙ የጠራው የለም። የኣቦይ ፓርቲ ወግ አጥባቂ ነው ይባላል። ይሄን ስሰማ ምን ማለት ነው ብዬ ከወሎ መጥታ እዚሁ ግቢ የተከራየችውን፣ ጨርቅ የምትነግደውን ጎረቤቴን ጠየቅኳት። እሷ አማርኛው የእናቷ ነው።

«የነበረው ባለበት ይቆይ የሚል ሰው ነው» አለችኝ። «ወላሂ፣ ቁርጥ አንቺን።»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ግን ደስ አለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የሆንኩት ነገር ለካስ ስም አለው፣ ፓርቲም አለው!

የኣቦይን ከተማ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ተቃዋሚዎቹ ወጣቶች ድልድይ እንሠራለን ይላሉ። ኣቦይ ደግሞ ድልድይ አይሠራም፣ ወዲህ ያለው ወዲህ፣ ወዲያ ያለው ወዲያ ይኑር ይላል። የገዛ ሴት ልጁ አስተማሪ ናት፤ እሷ ከድልድይ ሠሪዎቹ ጋር ሆነች። እንግዲህ ግቢያችንም ለሁለት ተከፈለ። እኔና አንዲት ጡረታ የወጣች ጎረቤቴ የኣቦይ ወገን ሆንን። ሴት ልጄና የወሎዋ ነጋዴ የድልድይ ወገን። የቀሩት እንደ ማታው ነፋስ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ።

እኔ ፓርቲ የሚለውን ቃል እፈራዋለሁ። በእኛ ከተማ አሁን ሰው እጅህን ጨብጦ ሳይለቅህ የማን ወገን ነህ ብሎ በዓይኑ ይጠይቅሃል። ስለዚህ ድራማው ሲጀምር መስኮቱን እዘጋለሁ፣ በሩ ላይ ጋቢ እሰቅላለሁ፣ ቀስ በሉ እላለሁ። ደግሞ ራሴ ነኝ ቀድሜ የምጮኸው። ኣቦይ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲናገር ደሜ ይሞቃል፣ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም ነበር። በዚያ በታፈነ ክፍል ውስጥ፣ ላባችን ጠብ እያለ፣ እንደ ልጅ ነበር የምንሆነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሌላ ነገር ነበር። ሴት ልጄ ነርስ ናት። ተመርቃ ሥራ አጥታ ቤት ተቀምጣ ሳለ የወሎዋ ጎረቤቴ እህት ከምትሠራበት ደሴ ካለ የግል ክሊኒክ ቦታ ተገኘላት። ወሩ እስኪያልቅ እንጠብቃታለን አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። መንገዱ ክፍት ነው አሉኝ፤ ዛሬ ክፍት ነው፣ የነገን ማን ያውቃል አልኩ። ታላቅ ወንድሟም ከዚህ በር የወጣው እመለሳለሁ ብሎ ነው። ልጄ አላለቀሰችም፣ አልተጣላችኝም። ስለ ደሴ አንድ ቃል መተንፈስ ተወች። ስለ ኣቦይ ግን በየምሽቱ ተነሳችብኝ።

ኣቦይ ልጁን ወንዝ እንዳትሻገር የከለከላት ዕለት ቤቱ ቀለጠ። ድራማው አልቆ ማስታወቂያ ገብቶ እንኳ አላቆምንም። «እንዲህ ያለ መሪ ሕዝብን ወደ ኋላ ይጎትታል» እያለች ልጄ ስትጮህ፣ «ያለ እሱ ፓርቲ ከተማዋ ትፈርሳለች» እያልኩ እኔ ስጮህ፣ በሩ ተንኳኳ።

ጡረተኛዋ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ጋቢውን ገለጥ ሳደርግ የቀጠናችን አስተባባሪ ነው፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ ሁላችንም እንደ ታላቅ ወንድም ኣያይ የምንለው ሰው። ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ነገ ጠዋት ወደኛ ስለሚለቀቅ በርሜላችሁን አዘጋጁ ሊል ነበር የመጣው። አሁን ግን ስለ ውሃው አልተናገረም። ዓይኑን ከአንዳችን ወደ አንዳችን አዙሮ፣ ይሄ የምን ስብሰባ ነው፣ የትኛው መሪ ነው፣ ማን ፈቀደው ብሎ ጠየቀ።

የወሎዋ ናት የመለሰችለት። «ድራማ ነው ኣያይ። ስለ ኣቦይ ነው የምንጣላው።»

ኣያይ የትኛው ኣቦይ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ጋቢውን ገፋ አድርጎ ገባና ወንበር ሳበ። ለካስ እሱም ቤቱ ያያል። ለካስ የኣቦይ ነገር እሱንም እንቅልፍ ነስቶታል። ሰውየው ጥፋት አለበት፣ ግን እንዲህ በጩኸት አይሆንም፣ በሥርዓት ይገምገም አለ።

ግምገማ እኛ አገር ያልቀመሰው የለም። መሥሪያ ቤት ይገመገማል፣ ቀበሌ ይገመገማል፣ የሴቶች ማኅበር ይገመገማል፤ ሰው መሐል ተቀምጦ ጥንካሬና ድክመቱ ይዘረዘርለታል፣ በመጨረሻ ተነሥቶ ግለ ሒስ ያደርጋል። የቴሌቪዥን ሰው ሲገመገም ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ኣያይ ቀልድ የለበትም፤ ልምዱ ነው። ከጥንካሬው ጀመረ። ኣቦይ ጉቦ አይበላም፣ የድሃ እህል በነጻ ይፈጫል ተባለ። ድክመቱ ላይ ሲደረስ ልጄ እጇን አወጣች።

ስትናገር እኔን አላየችኝም፣ የጠፋውን ቴሌቪዥን ነው ያየችው። ኣቦይ ፓርቲውን ለፍርሃቱ መሸፈኛ እንዳደረገው፣ ወግ ነው የሚለው ወግ እንዳልሆነ፣ ልጁን እንደሚወዳት ማንም እንደማይክድ ተናገረች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«መውደዱ እኮ አይደለም ድክመቱ። እሷ እቤት ስትደርቅ እያየ፣ ደህና ናት ማለቱ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ኣያይ፣ ሰው በሌለበት አይገመገምም፣ ሥርዓቱ አይደለም፣ ስለሱ ሆኖ መልስ የሚሰጥ ይነሣ አለ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። የኣቦይ ዋና ደጋፊ እኔ አይደለሁ? ተነሣሁ። ከመፍራቴ ይልቅ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ሰው ሊሰማኝ ዝም ብሎ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅማ።

ኣቦይ ወንዙን አይጠላም አልኩ። ታላቅ ልጁን የወሰደበት ያ ወንዝ ነው፣ አይታችኋል። ድልድይ ሲሠራ ወጣቱ ይሻገርበታል፤ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ግን ኣቦይ ነው። የመጠበቅን ነገር ማንም በምርጫ ቅስቀሳ አያነሳውም። የኣቦይ ፓርቲ የጠባቂዎች ፓርቲ ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ንግግር ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ጡረተኛዋ አጨበጨበች።

«ጥሩ ሓፍተይ» አለ ኣያይ፣ እህቴ ማለቱ ነው። «ታዲያ አቋምሽ ምንድን ነው? ድልድዩ ይቅር?»

ይቅር ልል አፌን ከፈትኩ። ልጄ አሁን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አንሥታ እኔን ታያለች። ጉንጯ ከስቷል። አብረን እየበላን፣ አብረን እያደርን፣ መቼ እንደከሳች አላየሁም ነበር።

«ድልድዩ ይሠራ» አልኩ። «ድምፄ ግን ለኣቦይ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሁለት ቦታ እጅ ማውጣት አይቻልም አሉኝ፣ ኣያይ ራሱ አቋሟ የተምታታ ነው ብሎ ገመገመኝ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም። ተነሥታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች፣ «ኣደ፣ እውነትሽን ነው?» አለችኝ በጆሮዬ። በዚያው ሳምንት፣ አትሂጂ ብዬ የምለምናት መስሏት ነበር፤ አልለመንኳትም፣ ሻንጣዋን ብቻ አወረድኩላት።

የሄደች ዕለት ቀኑን ሙሉ ስልክ ይዤ ዞርኩ። ደረስኩ ስትለኝ ነው ውሃ የጠጣሁት።

የድራማው ምርጫ የሚቆጠርበት ምሽት መጣ። ግቢው በሙሉ እኔ ቤት ነው፤ ኣያይ የፊት ወንበር ይዟል። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ጋቢውን ግን የምሰቅልበት አጣሁ፤ ሰዉ በሩ ላይም ቆሟል። የድራማው ድምፅ ቆጣሪ የመጀመሪያውን ውጤት የያዘውን ወረቀት ሲገልጥ መብራት ድርግም።

የተነሣው ጩኸት እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። እኔ ጨለማው ውስጥ ስልኬን ፈልጌ ደወልኩ። ደሴ መብራት አለ። ልጄ እያየች ነበር። ድምፅዋ ለሁሉም እንዲሰማ ስፒከሩን ከፈትኩት፤ ሁላችንም በስልኩ መብራት ዙሪያ ተጠጋጋን።

«እየቆጠሩ ነው» ትላለች። «ቆይ… የወዲያ ማዶው ድምፅ ቀርቷል… ኣደ፣ ኣቦይ አሸነፈ!»

እልል አልኩ። ጡረተኛዋ ተቀበለችኝ። መስኮቱን ማን እንደከፈተው አላውቅም፤ እኔ ልሆን እችላለሁ። የወሎዋ ድምፁ ተጭበርብሯል ብላ ትሟገታለች፣ ኣያይ ቅሬታሽን በሥርዓት አቅርቢ ይላታል፣ ልጄ ከወዲያ ማዶ ትስቃለች። ፓርቲያችሁ ይኸው ለአራት ዓመት ገዛን፣ ደስ ይበልሽ አለችኝ።

«ደስ ብሎኛል» አልኳት። «በርሽን ቆልፈሻል?»

«ቆልፌያለሁ ኣደ።»

«እስቲ ሄደሽ እዪው።»

የእግሯ ኮቴ ሲሄድ ሰማሁ፣ የበሩ እጀታ ሲንቀጫቀጭ፣ ደግሞ ኮቴዋ ሲመለስ።