«ደረሳ የለም?»

ነቀምቴ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው በስተጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኞቹ አለፍ ብሎ «ደረሳ ኮምፒዩተር ጥገና» የሚል ታፔላ የተሰቀለበት አንድ ክፍል አለ። ታፔላው ከተሰቀለ ሰባት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ሰባት ዓመታት ደረሳ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን ካቻቪቴ አልጨበጠም። ደረሳ በያጅ ነው፤ የሚኖረው አዳማ ነው፤ ኮምፒዩተር ማብራትና ማጥፋት እንኳ በቅጡ አይሆንለትም። የሚጠግነው እህቱ ድርቤ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ድርቤ ከቴክኒክ ኮሌጅ በጥሩ ውጤት ተመርቃ ቤት ልትከራይ ስትሄድ አከራዩ «ነገ ብትጠፋብኝ ማንን ልያዝ? ወንድ ይፈርምልኝ» አለ። ወንድሟ ፈረመ። ታፔላው ሲጻፍም ሠዓሊው ውሉን አይቶ የደረሳን ስም ጻፈ። ድርቤ «የእኔ ነው እኮ» ስትል ቤተሰቡ «ለጊዜው ነው፤ የወንድ ስም ገበያ ይስባል» አላት። እዚህ አገር «ለጊዜው» ከተባለ ነገር የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የለም። ደረሳ አግብቶ፣ ወልዶ፣ አዳማ ገባ፤ ስሙ ግን በር ላይ ቀረ።

ደንበኛ ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ ከእሷ ራስ በላይ ወደ ውስጥ ያያል። «ደረሳ የለም?» ይላል። «የለም» ትላለች። መጀመሪያ አካባቢ ቁጭ አድርጋ ታስረዳ ነበር። ሰዉ ሰምቶ ሲያበቃ «እሺ፣ ሲመጣ ልምጣ» እያለ ሲሄድባት ግን ማስረዳቱን ተወችው። «እቃውን ይተዉት፣ ይሠራል» ማለት ጀመረች። ማን እንደሚሠራው አትናገርም። ሰዉ ተመልሶ መጥቶ፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሳለት አይቶ፣ «ደረሳን አመስግኚልን» ብሎ ይሄዳል።

«ባለሙያ» የሚባለው ቃልም አለ። ደረሳ ባለሙያ ነው ሲባል እጁ ማሽን ያውቃል ማለት ነው። ድርቤ ባለሙያ ናት ሲባል ግን ወጧ ይጣፍጣል ማለት ሆኖ ያርፈዋል። እውነቱን ለመናገር የድርቤ ወጥ አይጣፍጥም። ሽሮዋ ይጓጉላል፤ እሷም አትክደውም። አንድ ቃል ለወንዱ ወደ ሥራው፣ ለሴቷ ወደ ምድጃ የሚሄድበትን ምክንያት ግን እስካሁን የነገራት ሰው የለም።

እንግዲህ ቀጀላ የመጣው እንዲህ ባለው ቤት ነው። ቀጀላ የጌም ቤት ባለቤት ነው፤ ስድስት ኮምፒዩተሮች አሉት፤ የኮሌጅ ተማሪዎችና ሥራ ፈት ሾፌሮች እየተቀመጡ ኳስ ይጫወቱበታል። ለስድስቱም የስዕል ካርድ፣ ማለትም ጌሙን ስክሪን ላይ የሚስለውን ዕቃ፣ የመረጠችለት፣ ያገለገሉትን ለቃቅማ የገጠመችለት ድርቤ ናት። በሰፈሩ ቋንቋ «ሰባት ሃምሳ» የሚባሉ ናቸው። አሮጌ ናቸው፤ ግን መብራት አይበሉም፣ ተጨማሪ ገመድ አይጠይቁም፣ በነቀምቴ ሲደክም ሲበረታ በሚውል ኤሌክትሪክ አራት ዓመት ያለ ችግር ሠርተዋል።

ቀጀላ ደግሞ ቁጥር ይወዳል። አዲስ አበባ ሄዶ ሳለ ታረቀኝ የሚባል ነጋዴ «አስር ሃምሳ» የሚባለውን ካርድ አሳየው። ሰባት መቶ ሃምሳና አንድ ሺህ ሃምሳ፤ የትኛው ይበልጣል? ይህንን ሕፃንም ያውቃል። ለሙከራ ሁለት ገዝቶ ተመለሰ። አንዱን ከነማሸጊያው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ፣ ሁለተኛውን ድርቤ ዘንድ አመጣው። «ደረሳ ይግጠምልኝ፤ ሁለተኛውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌዋለሁ» ብሎ አስቀምጦት ሄደ።

ድርቤ ይህንን ካርድና አንድ ሰባት ሃምሳ በሁለት አንድ ዓይነት ኮምፒዩተሮች ላይ ሰክታ አንድ የኳስ ጌም ከፈተችባቸው። እንዲህ ያለ ነገር ደስ ይላታል፤ ማወዳደር ማለት ለእሷ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ብሎ ማየት ነው። በሰባት ሃምሳው ላይ ኳሷ እንደ ውሃ ፈሰሰች። በአስር ሃምሳው ላይ ግን ተጫዋቹ እግሩን አነሳና እንደ ሐውልት ቀረ፤ እግሩ መሬት ሳይደርስ ኳሷ መረብ ውስጥ ተገኘች። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ጨለመ። ሦስቴ ሞከረች፤ ሦስቴም ጨለመ።

ይህ ሊሆን አይችልም። አስር ሃምሳም ዛሬ አሮጌ ቢሆንም እውነተኛው ከሰባት ሃምሳ በብዙ ይበልጣል። ካርዱን ነቅላ ከኋላ በኩል ስታየው የድሮ ስክሪን የሚሰካበት ሰማያዊ ቀዳዳ አለው። ያኔ ገባት። አስር ሃምሳ በወጣ ጊዜ ያ ሰማያዊ ቀዳዳ ከካርዶች ላይ ቀርቶ ነበር። አንድ ሰው የጥንት ካርድ አንስቶ፣ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ ለውጦ፣ «ስሜ አስር ሃምሳ ነው» እንዲል አድርጎ ልኮታል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለዚህ ነው።

ቀጀላ በሁለተኛው ቀን ሲመጣ ሳትሸሽግ ነገረችው።

«ኦቦ ቀጀላ፣ ይሄ ካርድ ፎርጅድ ነው። ለሻጩ ይመልሱለት።»

«ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?»

«አስር ሃምሳ ይላል።»

«ታዲያ ኮምፒዩተሩ ይዋሻል?»

«ኮምፒዩተሩ አይዋሽም፤ የተዋሸውን ያነባል እንጂ። ለልጅዎ ደጃዝማች የሚል ስም ቢያወጡለት ጦር ይመራል?»

ቀጀላ አልሳቀም። ካርዱን አገላብጦ አየና «ደረሳ ይየው» አለ።

«ደረሳ አዳማ ነው። ያየሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺማ አየሽው» አለና ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ።

ማታውን ጌም ቤቱ በተጫዋች ሞልቶ ሳለ አፉን ከፈተ። ካርዱ ሁለት ቀን እሷ ዘንድ ማደሩን፣ ኦርጅናሉን አስቀርታ አሮጌ እንዳስታቀፈችው ተናግሮ በመጨረሻም «ድርቤ ሃቱ ናት» አለ። ሌባ ናት ማለቱ ነው። በማግስቱ ወሬው መናኸሪያውን አዳርሶ ሲሬ በሚወርደው ሚኒባስ ላይ ተሳፍሯል።

እዚህ ላይ ነው ሰው ደሙ የሚፈላው። ሰባት ዓመት ሙሉ የተጠገነው ኮምፒዩተር ሁሉ የደረሳ ነበር። ከመቃጠል የዳነው፣ ከጠፋበት የተገኘው ፋይል ሁሉ የደረሳ ነበር። ሌብነት ሲመጣ ግን ማንም «ደረሳ ሰረቀ» አላለም። የዚያን ቀን የድርቤን ስም ሁሉም ያውቀው ኖሯል።

ሐሙስ ዕለት ናኦሚ የምትባል አስተማሪ መጣች። ላፕቶፗ ገና ተፈታትቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ «ልውሰደው፣ ድርብዬ» አለች።

«አላለቀም እኮ። ነገ ታገኚዋለሽ።»

«ይሁን፣ እንዳለ ልውሰደው።»

ድርቤ ብሎኖቹን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። ናኦሚ ወረቀቱን ፈትታ ብሎኖቹን ቆጠረች። ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ያ ቆጠራ ግን ድርቤን ወጋት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በምን ዓይኗ ሰው ታያለች? በሩንስ ነገ ለማን ትከፍታለች?

በሩን ዘግታ በቀጥታ ወደ ኦቦ ያደታ ሄደች። ኦቦ ያደታ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለቱንም ወገን ያውቃሉ። አዳምጠዋት «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቅዳሜ እኔ ግቢ በጸጥታ እንጨርሰዋለን» አሏት።

«አይሆንም፣ ኦቦ ያደታ። ስሜ የጠፋው በጸጥታ አይደለም። ሌባ የተባልኩት ጌም ቤቱ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይታይልኝ።»

ሽማግሌው ልጅቷ እንዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምተዋት አያውቁም። በመጨረሻ «እሺ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጌም ቤቱ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ድርቤ ሁለት ኮምፒዩተሮች ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ በአንዱ ሰባት ሃምሳውን፣ በሌላው ቀጀላ መልሶ ያመጣውን፣ የተከሰሰችበትን ካርድ ሰክታ ያንኑ የኳስ ጌም ከፈተች። በአንዱ ኳሷ ፈሰሰች። በሌላው ተጫዋቹ እግሩን አንስቶ ቀረ፤ ስክሪኑም ጨለመ። ከኋላ የቆሙት ሳቁ።

ቀጀላ ተነሳ። «ይሄማ የራሷ አሮጌ ነው። የእኔን ቀይራዋለች አልኳችሁ እኮ።»

«ሁለተኛውስ?» አለች ድርቤ።

«የቱ ሁለተኛ?»

«ቁም ሳጥንህ ውስጥ የቆለፍከው። እኔ ያልነካሁት።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። የዞረው ለካርዱ ብቻ አልነበረም። ድርቤ ቀጀላን እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ስትለው ነበር የኖረችው። «አንተ» ስትለው ሁሉም ሰምቷል፤ እሱም ሰምቷል።

«እሱ ከተከፈተ ሻጩ አይመልስልኝም» አለ ቀጀላ።

«የሰው ስም ሲከፈትስ ማን ይመልሳል?» አሉ ኦቦ ያደታ። «አምጣው።»

መጣ። ማሸጊያውን የቀደደው ቀጀላ ራሱ ነው። ካርዱን ሲያወጣው ሰማያዊው ቀዳዳ ከፊቱ ተገተረ። ድርቤ አልነካችውም። «ብሎኖቹን አንተው ፍታቸው» ብላ ካቻቪቴውን አቀበለችው። አራቱን ብሎኖች ፈታ፤ ማቀዝቀዣው ከነፋኑ ተነሳ፤ ነጩን ቅባት በጨርቅ ጠረገው። ከሥሩ በጥቃቅኑ የተጻፈ ቁጥር ወጣ።

«ኦቦ ያደታ ያንብቡልን» አለች።

መነጽራቸውን አደረጉ። «አስራ አንድ፣ አርባ ሁለት።»

«በፈረንጅ አቆጣጠር 2011፣ አርባ ሁለተኛው ሳምንት። ይህ ሆድ ዕቃው የተሠራበት ቀን ነው። እውነተኛው አስር ሃምሳ ለገበያ የወጣው በ2016 ነው።»

ሽማግሌው ቆጠሩና «ልጁ ሳይወለድ አምስት ዓመት ቀድሞ ጥርስ አበቀለ ማለት ነዋ» አሉ። እንደገና ተሳቀ። ቀጀላ ግን ተቀምጦ ነበር።

ኦቦ ያደታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሰይጣን ነው በመካከላችሁ የገባው። ተነሱና ይቅር ተባባሉ።»

«ይቅር መባባል?» አለች ድርቤ። «እኔ ምን አድርጌ? ሰባት ዓመት የሠራሁት ይቅርታ ይጠየቅበታል? ሰይጣንም ቢሆን እዚህ ቤት አልገባም፤ የገባው ታረቀኝ የሚሉት ነጋዴ ነው። ሌባ ያለኝም ሰይጣን አይደለም።»

ያን ጊዜ ቀጀላ ስልኩን አውጥቶ ታረቀኝ ጋ ደወለ፤ ሰዉ እንዲሰማ ድምፁን ከፈተው። ካርዶቹ ፎርጅድ መሆናቸውን ነገረው።

«ማን ነው እንዲህ ያለህ?» አለ ታረቀኝ።

«ባለሙያ አይቶት ነው።»

«እስቲ ባለሙያውን አገናኘኝ።»

ቀጀላ ስልኩን ለድርቤ ሰጣት። ስለ ሰማያዊው ቀዳዳ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ስክሪኑ መጨለም አንድ በአንድ ነገረችው። ታረቀኝ አላቋረጣትም። ስትጨርስ በትህትና «እሺ እህቴ፣ አሁን ለባለሙያው ስጪልኝ» አለ።

ድርቤ አልመለሰችለትም። ስልኩን መልሳ ለቀጀላ ዘረጋችለትና ዓይኑን አየችው። ክሱን ያወጣው በዚህ ቤት ነው፤ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። ገንዘቡን የሚያስመልስለት የእሷ ቃል ብቻ ነው፤ የእሷን ቃል ሰው እንዲያምነው ደግሞ መጀመሪያ እሱ ማመን አለበት።

ቀጀላ ስልኩን ተቀበለ። የቆሙትን ሰዎች አየ። «ባለሙያዋ እሷ ናት» አለ በመጨረሻ። «አሁን ያናገረችህ። ሌላ ባለሙያ የለንም። እኔም ሌባ ብያት ነበር፤ ዋሽቻለሁ።»

«መልሼ እደውልልሃለሁ» ብሎ ታረቀኝ ዘጋው። ቀጀላ ደጋግሞ ሲሞክር ስልኩ ጠፍቷል።

«ዘጋብኝ እኮ» አለ፤ አሳዘናት እንኳ።

«እሱ ባይሰማህም እኔ ሰምቼሃለሁ» አለችና ካቻቪቴዋን አንስታ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ናኦሚ ላፕቶፗን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ድርቤ ተቀበለቻት፤ ብሎኖቹን ግን ፊት ለፊቷ አንድ በአንድ እየቆጠረች ነው የተቀበለቻት። ቂም ነው ብትሉም ቂም ነው።

ሰኞ ጠዋት አሻግሬ የሚባል ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ የተበላሸ ኮምፒዩተር ታቅፎ መናኸሪያው አካባቢ ጠጋኝ ሲያፈላልግ ቀጀላ ጌም ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። «ታፔላው ደረሳ ይላል፤ አንተ ግን ድርቤ ብለህ ጠይቅ» ብሎ በእጁ ጠቆመው። ሰውየው ለአገሩ እንግዳ ነው፤ ድርቤ የሴት ስም ይሁን የወንድ አያውቅም። ድርቤ በር ላይ ቆሞ ከራሷ በላይ ወደ ውስጥ አየ።

«ድርቤ የለም?» አለ።

ድርቤ ጠረጴዛውን ጠርጋ ለኮምፒዩተሩ ቦታ አበጀች።

«አለች» አለችው።