ግራ ዓይኗ የጠፋው የፊልም እናት

«መምህር፣ ዓይኗን ቆርጠውባታል!» አለኝ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ ውስጥ አንድ እንግዳ።

ሳሙኤል ይባላል፤ የድሮ ፊልም ፖስተሮች ይሰበስባል። በደርግ ጊዜ እዚህ ሐዋሳ የታየ የአንድ ህንድ ፊልም ፖስተር ፍለጋ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነው። ልጇ የጠፋባት እናት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምታለቅስበት ፊልም ነው። ሙሉ ፖስተሩን እስካሁን የትም አላገኘም።

ያኔ ወረቀት አይገኝም ነበር። ሲኒማ ቤቱ ሊጥላቸው የነበሩትን የዚህን ፊልም ፖስተሮች ለምኜ፣ ሥዕሉን ወደ ውስጥ አድርጌ አራት የስም መጥሪያ መዝገቦች ለበድኩባቸው። የተረፉትን ደብተር እንዲለብዱባቸው ለተማሪዎቼ አደልኩ። ሳሙኤል የጮኸው የመጀመሪያውን መዝገብ ልባድ ገልጦ ነው።

«የመዝገቡ ጀርባ እንዳይሸበሸብ የወረቀቱ ጫፍ መሐሉ ላይ መቀስ አስገብቶ መቁረጥ ግድ ነው» ብዬ አስረዳሁት።

«ሌሎቹን እንያቸዋ!»

ሦስቱንም ገለጥናቸው። ሁሉንም በማስመሪያ ለክቼ እዚያው ቦታ ላይ ስለቆረጥኩ አራቱም እናቶች የሚያለቅሱት በአንድ ዓይናቸው ብቻ ነው።

«ምናለ አንዱን እንኳ ቢሳሳቱ ኖሮ?» አለኝ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ስለዚህ በደብተር አለባበድ ማርክ የቀነስኩባችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እስቲ የድሮ ደብተሮቻችሁን ፈትሹ። መቀስ ሳታስገቡ ፖስተሩን እንዲሁ ጠቅልላችሁበት ከሆነ ፎቶውን ኮሜንት ላይ አሳዩን። ማርኩን እመልሳለሁ።